የገጸ ባሕሪያችሁ ኢንተለጀንስ በአይኪው ስንት ይሆናል? ከስሌቱ እስከ ጨዋታው ጠረጴዛ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ተጫዋቾች የፈጠሩትን ገጸ ባሕሪ ይዘው በዳይስ እየታገዙ ታሪክ የሚጫወቱበት፣ የገጸ ባሕሪው ብልህነትም ኢንተለጀንስ በሚባል ቁጥር የሚለካበት ጨዋታ) የሚጫወት ቡድን ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይነሳበታል፦ "የኔ አስማተኛ ኢንተለጀንሱ 18 ነው፤ በእውነተኛው ዓለም የብልህነት ፈተና ስንት አይኪው ማለት ነው?" አንዱ ፈጠን ብሎ "በአሥር አባዛው፣ 180!" ይላል። ተስቆ ይታለፋል፤ ቁጥሩ ግን ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት ባለ 8 ኢንተለጀንስ ተዋጊ የያዘው ልጅ "የኔ ሰውዬ አይኪው 80 ነው" እያለ በር መክፈት ያቃተው ጅል ሆኖ ቁጭ ይላል፤ አስማተኛውን የያዘው ደግሞ ሁሉን ማወቅ አለብኝ ብሎ ይጨነቃል። ጨዋታው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በአሥር ማባዛት አይሠራም። የሚሠራው ስሌት ግን ከባድ አይደለም፤ መደመርና ማባዛት የሚችል ሰው በአንድ ወረቀት ይጨርሰዋል። ከስሌቱ ይልቅ ጊዜ የሚወስደው ውጤቱን ጠረጴዛ ላይ መጠቀሙ ስለሆነ የጽሑፉን ሰፊ ቦታ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

1. ቁጥሩ ከምን እንደተወለደ ለዩ

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲያወጡ ኢንተለጀንስን ጨምሮ ስድስቱ መለኪያዎች የሚገኙት ሦስት ባለ ስድስት ፊት ዳይስ ወርውሮ በመደመር ነበር። ትንሹ ድምር 3፣ ትልቁ 18 ነው። ሦስት ዳይስ በ216 ዓይነት መንገድ ሊወድቅ ይችላል፤ 6 በ6 በ6 አባዙት። ከ216ቱ ውስጥ 18 የሚመጣው አንዴ ብቻ ነው፤ ሦስቱም 6 ሲሆኑ። 10 ግን በ27 መንገድ ይመጣል፤ 11ም እንዲሁ። አማካዩ 10.5 ላይ ያርፋል።

ዛሬ ብዙ ቡድን እንዲህ አይወረውርም። አራት ዳይስ ወርውሮ ትንሹን መጣል የተለመደ ነው፤ ወይም 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8 የሚሉትን የተዘጋጁ ቁጥሮች ማከፋፈል። በአራቱ ዳይስ 18 የማግኘት ዕድል ከ62 አንድ ያህል ይሆናል፤ አማካዩም ወደ 12.2 ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ ይህ የጀግኖች መንገድ ነው። እኛ የምንፈልገው ሕዝቡን ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ብልህ ነው የሚባለው ከጎረቤቱ ጋር ሲተያይ ነው። በጨዋታው አምስተኛ እትም ተራው የመንደር ሰው በስድስቱም መለኪያዎች 10 ተሰጥቶታል፤ ይህም ከሦስቱ ዳይስ አማካይ ጋር ይገጥማል። ገጸ ባሕሪውን በፈለጋችሁት መንገድ ሥሩት፤ ስትመዝኑት ግን በሦስቱ ዳይስ ሚዛን ይሁን።

2. አይኪው ራሱ ደረጃ መሆኑን ያዙ

በ1905 አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን ፓሪስ ውስጥ ፈተናቸውን ያዘጋጁት ትምህርት ላይ ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ነበር። ዛሬ አይኪው የምንለው ቁጥር ግን ቅርጹን በዋናነት ያገኘው ዴቪድ ዌክስለር በ1939 ካወጣው ፈተና ነው። የእሱ ዘዴ የሰውን ውጤት ከእኩዮቹ ጋር ያስተያያል፤ የእኩዮቹ አማካይ 100 ይባላል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ውጤቶች ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) 15 ይሆናል። ስለዚህ 140 ያመጣ ሰው 70 ካመጣው ሰው እጥፍ ብልህ ነው ማለት አይቻልም። ቁጥሩ የሚናገረው ከስንት ሰው ስንተኛ እንደሆነ ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ ልጅ ካርድ ይዞ ሲመጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንተኛ ወጣህ?" ብሎ ነው። አይኪውም ሆነ የሦስቱ ዳይስ ድምር የሚመልሱት ይህንኑ ጥያቄ ነውና የምናገናኛቸውም በደረጃ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። አይኪው የደረሰበት ሁሉ እኩል የሚለካ ሚዛን አይደለም። በ2002 የአገሮችን አማካይ አይኪው ደርድሮ የወጣ አንድ መጽሐፍ ለኢትዮጵያ 63 ሰጥቷት ነበር። ቁጥሩ የተወሰደው ኢትዮጵያ ውስጥ ከተደረገ ፈተና አልነበረም፤ ወደ እስራኤል ከገቡ ብዙም ካልቆዩ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ነበር። እስራኤል ውስጥ በእንዲህ ያሉ ልጆች ላይ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ፣ ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ ጥቂት ሲያስተምሯቸው ውጤታቸው በፍጥነት ይነሳል። ሥዕል ውስጥ የጎደለውን ቅርጽ ፈልግ የሚል ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ልጅ የሚለካው በከፊል ወረቀቱን በመልመዱ ወይም ባለመልመዱ ነው። ስለዚህ ከታች የሚመጡትን ቁጥሮች ለጨዋታ ተጠቀሙባቸው፤ ሕዝብ ለመመዘን አይሆኑም።

3. 216 ተማሪ ያለበት ክፍል አስቡና ደረጃውን አንብቡ

እያንዳንዱ የዳይስ አወዳደቅ አንድ ተማሪ ይሁን። ተማሪዎቹን በድምራቸው ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሯቸው፤ ከዚያ ደረጃውን ወደ አይኪው መልሱት። እኔ ሠርቼዋለሁ፤ ገልብጡት፦

18፦ 1ኛ፤ አይኪው 139 እና ከዚያ በላይ
17፦ ከ2ኛ እስከ 4ኛ፤ 131–138
16፦ ከ5ኛ እስከ 10ኛ፤ 125–130
15፦ ከ11ኛ እስከ 20ኛ፤ 120–124
14፦ ከ21ኛ እስከ 35ኛ፤ 115–119
13፦ ከ36ኛ እስከ 56ኛ፤ 110–114
12፦ ከ57ኛ እስከ 81ኛ፤ 105–109
11፦ ከ82ኛ እስከ 108ኛ፤ 100–104
10፦ ከ109ኛ እስከ 135ኛ፤ 95–99
9፦ ከ136ኛ እስከ 160ኛ፤ 90–94
8፦ ከ161ኛ እስከ 181ኛ፤ 85–89
7፦ ከ182ኛ እስከ 196ኛ፤ 80–84
6፦ ከ197ኛ እስከ 206ኛ፤ 75–79
5፦ ከ207ኛ እስከ 212ኛ፤ 69–74
4፦ ከ213ኛ እስከ 215ኛ፤ 61–68
3፦ 216ኛ፤ ከ61 በታች

ዝርዝሩ ከእጃችሁ ከሌለ አቋራጭ አለ። ከኢንተለጀንሱ 10.5 ቀንሱ፣ የቀረውን በ5 አባዙ፣ 100 ላይ ደምሩ። ለ16 ብንሠራው 5.5 በ5 ሲባዛ 27.5፤ ከ100 ጋር 127 ወይም 128 ይሆናል። ከዝርዝሩ ጋር ይገጥማል። አንድ የኢንተለጀንስ ነጥብ በግምት አምስት የአይኪው ነጥብ ነው ማለት ነው፤ አሥር አይደለም።

በአሥር ማባዛት የት እንደሚሰበር አሁን በግልጽ ይታያል። 14ን ውሰዱ። ከ216 ሰው 35ቱ 14 ወይም ከዚያ በላይ አላቸው፤ ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው። አይኪው 140 ግን ከ260 ሰው አንዱ ገደማ ብቻ የሚደርስበት ነው። በአሥር ስታባዙ መንደሩን በሙሉ በሊቃውንት ሞላችሁት። 18ን 180 ስትሉት ደግሞ ከ216 አንዱ የነበረውን ሰው ከ20 ሚሊዮን አንዱ ታደርጉታላችሁ። የዌክስለር የአዋቂዎች ፈተና የሚሰጠው ትልቁ ውጤት ራሱ 160 ነው፤ 180 የሚባለውን የሚለካ መሣሪያ እዚያ የለም። ለማነጻጸር ያህል፣ መንሳ የሚባለው ማኅበር አባል የሚያደርገው ከላይኛው 2 በመቶ ውስጥ የሚገባን ሰው ነው፤ ይህ በእኛ ዝርዝር 17 ላይ ይወድቃል።

ወደ ታችም ያው ነው። በአሥር ያባዛው ልጅ 8ን 80 ሲለው ሰውዬውን ከ8 አውርዶ 7 አድርጎታል፤ 6 ጫፍም ላይ አድርሶታል።

4. ጫፎቹን ወደ አይኪው አትለውጡ

ስሌቱ በደንብ የሚሠራው ከ6 እስከ 18 ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ ውጭ ጨዋታው ራሱ ሌላ ነገር መለካት ይጀምራል። በአምስተኛው እትም ተኩላ ኢንተለጀንሱ 3 ነው፣ ትልቁ የጥበቃ ውሻም 3፣ ዝንጀሮ የመሰለው ኤፕ ደግሞ 6። በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ግን እንስሳ 1 ወይም 2 ብቻ ነበረው፤ 3 ሰው መሰል አእምሮ የሚጀምርበት ወለል ነበር። ለተኩላ አይኪው አይሰላም። ሰው ሆኖ 3 ወይም 4 የመጣለት ገጸ ባሕሪ ካላችሁ ቁጥር ትታችሁ በቃላት ግለጹት፤ ምን እንደሚከብደው፣ ምን እንደሚያውቅ፣ ማን እንደሚረዳው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና፣ ማሳቂያ አታድርጉት።

ወደ ላይ 20 የሰው ጣሪያ ነው፤ በአቋራጩ 147 ወይም 148 ይወጣል፣ ከ1,300 ሰው አንዱ ገደማ። ሊች የሚባለው ሞቶ የማይሞት አስማተኛ በ2014ቱ አምስተኛ እትም ኢንተለጀንሱ 20 ነው፤ በቁጥር ከሄድን ስታስቡት የነበረውን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ለዘመናት ሲያነብ መኖሩ ነው። ከ20 በላይ እስከ 30 ያለው የጭራቆችና የአማልክት ስለሆነ ማስላቱ ጊዜ ማጥፋት ነው።

5. ኢንተለጀንስ ያልሆነውን አውጡ

ጋይጋክስ ራሱ በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ኢንተለጀንስን ከአይኪው ጋር ተቀራራቢ አድርጎ ገልጾታል፤ የማስታወስና የመማር ችሎታንም አክሎበታል። በአምስተኛው እትም ታሪክ፣ አስማት፣ ሃይማኖትና ተፈጥሮን ማወቅ፣ እንዲሁም ፍንጭ መርምሮ ማገናኘት በእሱ ሥር ናቸው። ሰውን ዓይቶ መዋሸቱን መጠርጠር፣ ኮቴ መስማት፣ በሽተኛ ማከም፣ ጫካ ውስጥ መንገድ አለመሳት ግን ዊዝደም የተባለው የሌላው መለኪያ ናቸው። ነገር አዋቂ ሽማግሌ ዊዝደሙ 16፣ ኢንተለጀንሱ 9 ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሲያጭበረብረው ወዲያው ይገባዋል፣ የጥንት ጽሑፍ ሲያቀርቡለት ግን ይደክመዋል። ብዙ ተጫዋች ዝቅተኛ ኢንተለጀንስን ሞኝነት አድርጎ የሚጫወተው ሁለቱን ስለሚቀላቅል ነው።

6. ባለ 18ን ከዳይሱ አድኑት

ይህ ክፍል ጨዋታውን ለሚመሩት፣ ለዳንጀን ማስተሮች ነው። ኢንተለጀንስ 18 ሲሆን በዳይስ ላይ የሚጨመረው 4 ነው፤ 10 ሲሆን ምንም፤ 8 ሲሆን 1 ይቀነሳል። ለመካከለኛ ከባድ ጥያቄ 15 ያስፈልጋል ብትሉ በባለ 20 ፊቱ ዳይስ ባለ 18ው ግማሽ ጊዜ ይሳካለታል፣ ባለ 10ሩ 30 በመቶ፣ ባለ 8ቱ 25 በመቶ። ከ216 አንደኛ የወጣውና 170ኛ የወጣው እንዲህ ተቀራርበው ሊቆሙ አይገባም! ይባስ ብሎ ባለ 3 ኢንተለጀንሱና ባለ 18ው ፊት ለፊት ቢወራወሩ፣ ባለ 3ቱ ከስድስት አንዴ ያህል ያሸንፋል። ዳይሱ ለሰይፍ ውጊያ ጥሩ ነው፤ ለእውቀት ጥያቄ ግን የዕድሉ ድርሻ በዛ።

እኔ የምሠራበት መንገድ ይህ ነው። ገጸ ባሕሪው በደረጃው የሚያውቀውን ነገር አላስወረውርም። አስማተኛው የተማረበትን የቋንቋ ፊደል ካየ አነበበው፣ አለቀ። ዳይሱ የሚወጣው ነገሩ ለእሱም ቢሆን አጠራጣሪ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ለኢንተለጀንስ የሚጨመረውን ቁጥር ያህል ጥያቄ በየጨዋታው እፈቅዳለሁ፤ ባለ 18ው አራት ጊዜ "ይህን ነገር ከሌላው የሚያገናኘው ምንድነው?" ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል፣ እኔም እውነቱን እነግረዋለሁ። ባለ 14ቷ ሁለት ጊዜ። ጥያቄው ሲያልቅ ሁሉም እኩል ነው።

ትውስታን በተመለከተ ደግሞ ልግስና ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ከሦስት ሳምንት በፊት ነጋዴው የተናገረውን ቢረሳ አይፈረድበትም፤ ሥራ አለው፣ ልጅ አለው። ለገጸ ባሕሪው ግን ትናንት ማታ ነው። 14 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ "ያ ሰውዬ ምን ብሎ ነበር?" የሚለውን ያለ ክፍያ መልሱ። ጊዜም ስጡት፤ ገጸ ባሕሪው በስድስት ሰከንድ የሚያስበውን ተጫዋቹ ቡና እስኪቀዳ ድረስ ቢያስብበት ምንም አይደል።

7. ባለ 6ን ከመቀመጫው አታስነሡት

ከ216 ሰው 56ቱ 8 ወይም ከዚያ በታች ናቸው፤ ከአራት ሰው አንዱ። እንዲህ ያለ ሰው ነግዶ ያተርፋል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ፈረስ ይገራል። የሚከብደው አዲስና በወረቀት የመጣ ነገር ነው፤ በሚያውቀው ሙያ ማንም አይቀድመውም። ባለ 8 ተዋጊ ውጊያ ላይ ስለ ቦታ አያያዝ ቢናገር "አንተ ደደብ ነህ እኮ" ተብሎ ዝም ሊባል አይገባም።

አስቸጋሪው የእንቆቅልሹ ጊዜ ነው። አንድ ማታ በሩ ላይ አምስት የመዳብ ቀለበት ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ተቀርጿል፣ በትክክለኛው ተራ ካልተጎተቱ ጣሪያው ይወርዳል። ባለ 6 ኢንተለጀንሱን ጉልበተኛ የያዘችው ልጅ በኑሮዋ የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ገለጻዬን ሳልጨርስ ገባት።

"ከጨለማው ጀምሮ እስከ ሙሉው ጨረቃ ነው!"

"አንቺ ታውቂያለሽ፣ ያንቺ ሰውዬ ግን የት ያውቃል?" አላት አስማተኛውን የያዘው፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

"እና ዝም ልበል?"

"መልሱ የጠረጴዛው ነው፤ ከማን አፍ ይውጣ የሚለውን ብቻ ተነጋገሩ" አልኳቸው።

ጥቂት አሰበችና የእሷ ጉልበተኛ ቀለበቶቹን በጣቱ እየነካ እናቱ ሌሊት በጎችን ሲጠብቁ ስለ ጨረቃ ትዘፍንለት የነበረውን ማንጎራጎር ጀመረ። አስማተኛው ቀና አለ፤ "ድገመው እስቲ" አለው፣ ተራውንም ቆጠረ። ሁለቱም ገጸ ባሕሪያት ደረጃቸውን ሳይለቁ በሩ ተከፈተ። የሰዎችን ጭንቅላት መቆለፍ አይቻልም፤ ሀሳቡ ከማን እንደመጣና ማን እንደተናገረው ግን መለየት ይቻላል። ባለ 6ን የያዘ ተጫዋች መፍትሔ ካገኘ ለሌላው ያቀብል፣ ወይም ገጸ ባሕሪው ከሚያውቀው ሕይወት በኩል ያምጣው።

8. ጨዋታ ከቀየራችሁ ስሌቱን ከመጀመሪያው ሥሩ

ዝርዝሩ ለሦስት ዳይስ ብቻ ነው። በ1981 በወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ የሰው ኢንተለጀንስ የሚገኘው ሁለት ዳይስ ወርውሮ 6 በመጨመር ነው፤ ከ8 እስከ 18 ይሄዳል፣ አማካዩ 13 ነው። እዚያ 18 ከ36 ሰው አንዱ ስለሆነ ከ129 ጀምሮ ያለው አይኪው ይሆናል እንጂ 139 አይሆንም። በሰባተኛው እትም ቁጥሩ በ5 ስለሚባዛ ይኸው 18 በወረቀቱ ላይ 90 ሆኖ ይጻፋል፤ 90ን አይታችሁ "አይኪው 90" እንዳትሉ። ጉርፕስ ደግሞ መለኪያውን ጭራሽ አይኪው ብሎ ይጠራዋል፣ አማካዩም 10 ነው፤ ግን በነጥብ የሚገዛ እንጂ በዳይስ የሚመጣ ስላልሆነ የደረጃው ስሌት አይሠራለትም። ለሌላ ለማንኛውም ጨዋታ መንገዱ አንድ ነው፦ ስንት ዓይነት አወዳደቅ እንዳለ ቁጠሩ፣ ከናንተ ቁጥር እኩል ወይም በላይ የሆኑትን ቁጠሩ፣ ለጠቅላላው አካፍሉ፤ ከዚያ ያን ያህል ሰው ብቻ የሚያልፈውን አይኪው ከኖርማል ዲስትሪቢዩሽን ሠንጠረዥ ፈልጉ።

የራሱን ኢንተለጀንስ ማወቅ የፈለገ ተጫዋች ሁልጊዜ አለ። በባለሙያ የተሰጠ የፈተና ውጤት ካለው አቋራጩን ይገልብጠው፤ 100 ቀንሶ ለ5 አካፍሎ 10.5 ይጨምርበት። 115 ያመጣ ሰው 13.5 ይሆናል፤ 13 ይበል 14 ለራሱ ይተውለት። ስልክ ላይ በአሥር ደቂቃ "አይኪዎ 143 ነው፣ ሰርተፊኬቱን ለመውሰድ ይክፈሉ" የሚለው ግን ለዚህ ስሌት አይገባም።